ምሰሶውን አትሸፍኑት

የነገረኝ ሎሚ ነው። ባለፈው ፋሲካ ዋዜማ ዶሮ እያጠብኩ ሳለ አንዱ ሎሚ ከእጄ አምልጦ ወለሉ ላይ ወደቀ። ከማድቤቱ በር ወጣ፤ ቀስ እያለ ተንከባለለና ሳሎኑ መሃል ቆመ። አነሳሁትና ከመስኮቱ ሥር ለቀቅኩት፤ ወደዚያው መሃል ተመለሰ። ከደረጃው ግርጌ ሞከርኩት፤ አሁንም እዚያው ሄዶ ቆመ። ዶሮውን ትቼ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። የቤቴ ወገብ ጎብጧል።

ከዚያ በፊትም ምልክት አልጠፋም ነበር። የመኝታ ቤቴ በር አልዘጋ ብሎኝ ከርሟል፤ እርጥበት ነው ያሳበጠው ብዬ ጫፉን አስላጥኩት። ከማድቤቱ በር በላይ ያለው ልስን ደረጃ እየሠራ ወደ ጣሪያው ተሰንጥቋል፤ ቀለም ቀባሁበት። ረከቦቱ አንድ እግሩ አልረግጥ ስላለ ወረቀት አጥፌ ከሥሩ አስገባ ነበር። አናጢ አባት ያሳደገኝ ሴት ነኝ። ይህን ሁሉ እያየሁ አለማየቴ ዛሬም ይቆጨኛል።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ታኮማ ፓርክ ውስጥ ነው፤ የዋሽንግተን ዲሲን ወሰን ተሻግሮ ወዲያው። ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1924 የተሠራ ነው፤ ውጪው ጡብ፣ ውስጡ እንጨት። ከሥሩ ቤዝመንት አለው። በቤዝመንቱ ጣሪያ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወፍራም አግዳሚ ያልፋል፤ የላይኛው ወለል ጣውላዎች ጫፋቸውን የሚያሳርፉት እሱ ላይ ነው። አግዳሚው ደግሞ ጫፍና ጫፉን ግድግዳው ይዞለት መሃሉን ሁለት የእንጨት ምሰሶዎች ይሸከሙታል። ከሁለቱ አንዱ ነው ጉድ የሠራኝ። በእርግጥ ጉድ የሠራሁት እኔ ነኝ።

እ.ኤ.አ. በ2019 ቤዝመንቱን ለማከራየት አሳደስኩት። ሥራውን የያዘልኝ የአገሬ ሰው ነበር፤ እጁ ፈጣን፣ ዋጋው መጠነኛ። ምሰሶው ጋ ሲደርስ ጠራኝ። “እግሩ ጠቆር ብሏል፤ ግን በጂፕሰም ቦርድ ይሸፈናል” አለኝ። ይሸፈን አልኩት። አራቱን ጎኑን አለበሰው፤ ነጭ ቀለም ቀባነው፤ የምትገባው ተከራይ እንድታይበት መስታወት ሰቀልኩበት። እንግዳ ሁሉ አደነቀው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከዚያ ሎሚ ድረስ የምሰሶውን እግር ያየ ሰው የለም።

ይህን የምጽፈው በዚህ አካባቢ እንደ እኔ አሮጌ ቤት ገዝተው፣ ብድሩን ለማቃለል ከሥር የሚያከራዩ ወገኖቼ እንዲያነቡት ነው። ልመናዬ አጭር ነው። ቤዝመንቱን ከማሳመራችሁ በፊት ምሰሶውን እዩት። እግሩ በስብሶ ከሆነ ወለሉን ቆፍራችሁ፣ በመሐንዲስና በፈቃድ፣ ከመሠረቱ ቀይሩት። ከቀየራችሁት በኋላም አትሸፍኑት። ከሥሩ የሚተኛው ሰው ሻንጣውን ገና ያልፈታ ወንድማችሁ ወይም እህታችሁ ነው።

ከፋሲካ በኋላ በመጀመሪያው ሰኞ መስታወቱን አውርጄ የጂፕሰም ቦርዱን ከታች በቢላ ቀደድኩት። የመጀመሪያው ሽታው ነው። ክረምት ሙሉ ጭስ ያላየ የጭቃ ቤት ጓዳ የሚሸተው ሽታ። ካቻቪቴ ይዤ የምሰሶውን እግር ወጋሁት። እስከ እጀታው ገባ። ምንም አልታገለኝም፤ ድፎ ዳቦ የወጋሁ ያህል። ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ብዬ ወጋሁ፤ እዚያ እንጨቱ ደረቅና ጠንካራ ነው፤ ጫፉ እንኳ አልገባም። ወርዱ 15 ሴንቲ ሜትር በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ እንጨት ወለሉ ላይ ሲደርስ ደህና ሆኖ የቀረው መሃሉ ላይ ያለ ቡጢ የሚያህል ብቻ ነበር።

እዚያ የምትኖረው ተከራዬ ከኋላዬ ቆማለች። በዲቪ የመጣች የደሴ ልጅ ናት፤ ሌሊት በአረጋውያን መንከባከቢያ ትሠራለች፤ ቀን ትማራለች። አልጋዋ ከምሰሶው ሁለት ርምጃ አይርቅም። “ይሸትሽ ነበር ወይ?” አልኳት።

“ከገና ጀምሮ ይሸተኝ ነበር፣ እትዬ።”

“ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?”

“ምን ብዬ ልንገርዎት? ኪራዩን ቀንሰው አስገብተውኛል፤ ደግሞ ሽታ አለው ልበል?”

ይህ መልስ ከበሰበሰው እንጨት በላይ አስደነገጠኝ። አከራይና ተከራይ አንድ ቋንቋ ስንናገር፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ስንሳለም፣ ይሉኝታ መሃላችን ይገባል። ተከራይዋ እንደ እናት ስላየችኝ አፏን ያዘች፤ እኔም እንደ ልጅ ስላየኋት የቤት ባለቤትነቴን ረሳሁ። የማያውቀን ፈረንጅ ቢከራይ ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት ደብዳቤ ይጽፍልኝ ነበር። ተከራዮች ሆይ፣ እባካችሁ ተናገሩ። የወለል መጉበጥ፣ የበር አለመዘጋት፣ የማይጠፋ የእርጥበት ሽታ፣ ከግድግዳ ጥግ የሚረግፍ ዱቄት፤ ይህን መናገር ውለታ መብላት አይደለም።

ምሰሶው ምን እንደተሸከመ ቆይታ የመጣችው መሐንዲስ ወረቀት ላይ አሰላችልኝ። ለዚህ ምሰሶ የሚደርሰው የወለል ድርሻ 8 ጫማ በ12 ጫማ፣ ማለትም 96 ካሬ ጫማ ነው፤ ወደ 9 ካሬ ሜትር። ለመኖሪያ ወለል በእያንዳንዱ ካሬ ጫማ 40 ፓውንድ ለሰውና ለዕቃ፣ 10 ፓውንድ ለወለሉ ለራሱ ክብደት ይታሰባል። ሲባዛ 4,800 ፓውንድ። ከላይ ያለው የመኝታ ቤቶች ፎቅ በ40 ፓውንድ ሂሳብ 3,840 ይጨምርበታል። ድምሩ 8,640 ፓውንድ፣ በኪሎ 3,900 ገደማ። ቁጥሩ በፓውንድም በኪሎም ልቤ ስላልገባ ወደ ኩንታል ለወጥኩት። 39 ኩንታል! የአንድ አይሱዙ ጭነት ሊሆን ምን ቀረው? በየቀኑ ይህን ያህል ይጫነዋል ማለት አይደለም፤ ግን ለቅሶ ወይም ክርስትና ሆኖ ቤቱ በሰው ሲሞላ እንዲችል ተብሎ ነው የሚሰላው። እኔ ደግሞ የሁለት ልጆቼን ምርቃት የደገስኩት እዚያው ወለል ላይ ነው። ሰማንያ ሰው ጨፍሮበታል። ከሥር የቆመው ቡጢ የሚያህል እንጨት ነበር።

ወደ አባቴ ልመለስ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የኛ ቤት የጭቃ ቤት ነበር፤ ቋሚዎቹ መሬት ውስጥ የተቀበሩ። አባቴ መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ዝናቡ ሲያቆም፣ በመጥረቢያው ጀርባ ቋሚዎቹን አንድ በአንድ ከግርጌያቸው እየመታ ያዳምጥ ነበር። ደህናው እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ምስጥ የገባበት ወይም የበሰበሰው የታፈነ ድምፅ አለው። መሬት ለሚገባ እንጨት ጽድ ካልሆነ ደስ አይለውም ነበር፤ ባህር ዛፍ ለማገርና ለጣሪያ ነው ይላል። ጽድ ሲያጣ የእንጨቱን እግር በእሳት ይለበልባል፤ የተቃጠለ ዘይት ከመካኒኮች ለምኖ ይቀባዋል።

አንዱ ቋሚ ከታመመ ጣሪያውን በባላ ይደግፈዋል፤ ከዚያ አሮጌውን ነቅሎ፣ ጉድጓዱን አጽድቶ፣ አዲሱን ተክሎ ዙሪያውን በድንጋይ ይጠቀጥቃል። ከሁሉ የማልረሳው ግን ይህን ነው፦ ባላው ከቆመበት ሰዓት ጀምሮ አዲሱ ቋሚ እስኪጠና ድረስ ማናችንም እዚያ ቤት ውስጥ አናድርም። ጎረቤት ተከፋፍለን እናድራለን፤ ምሳ ደጅ እንበላለን። እናቴ ብርድ ነው፣ ልጆቹ ያስላቸዋል ብትል እንኳ አይሰማትም። ቤት በባላ ላይ እያለ ሰው አይተኛበትም። ከአባቴ የወረስኩት የግንባታ ሕግ ይህ አንዱ ነው፤ እኔም የሰው ልጅ አስተኝቼ ሻርኩት።

አባቴ ከሞተ በኋላ ወንድሜ ያንን ቤት በሲሚንቶ አስለሰነው። ደግ አስቦ ነው፤ ቤቱ የከተማ ቤት መሰለ። ግን ጭቃ የሚተነፍስ ነገር ነው፤ የገባበትን እርጥበት ፀሐይ ሲወጣ መልሶ ይለቀዋል። ሲሚንቶው ትንፋሹን ዘጋው፤ እርጥበቱ ውስጥ ቀረና ቋሚዎቹን እዚያው በላቸው። በየከተማው የጭቃ ቤታቸውን በሲሚንቶ ልስን የሚያሳምሩ ሰዎች ይህን ልብ ቢሉልኝ። ወንድሜ ደብረ ማርቆስ፣ እኔ ታኮማ ፓርክ ሆነን የሠራነው ስህተት አንድ ነው። ሁለታችንም እንጨቱን ሸፈንነው።

እንጨት በራሱ አይበሰብስም። ደረቅ ከሆነ ከሰው ዕድሜ በላይ ይቆማል። ላስታ ውስጥ ይምርሐነ ክርስቶስን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ግድግዳው በእንጨትና በድንጋይ ንብብር የተሠራው ያ ቤተ ክርስቲያን የ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ዋሻው ከዝናብ ጋርዶት እስከ ዛሬ አለ። የሚያበሰብሰው ፈንገስ ነው፤ ፈንገሱም ያለ ውሃ አይኖርም። እንጨቱ ውስጥ ያለው ውሃ ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ በታች ሆኖ ከዘለቀ ፈንገሱ አይራባም። የእኔ ምሰሶ ግን ቆሞ የነበረው ከሲሚንቶው በላይ ሳይሆን በሲሚንቶው ውስጥ ነው። መጀመሪያ ምሰሶው ተተከለ፤ ከዚያ ወለሉ ሲፈስ ዙሪያውን ሲሚንቶ ከበበው። ሲሚንቶ ከሥሩ ካለው አፈር ውሃ ይስባል። የእንጨት ቃጫ ደግሞ ቆሞ ሲታይ እንደ ብዙ ቀጫጭን ቱቦ ነው፤ በተቆረጠው እግሩ በኩል ውሃውን ይመጠዋል። እኔ ዙሪያውን ሳሽገው የመድረቂያ መንገዱን ጨርሶ ዘጋሁበት።

ውሃው ከየት መጣ? ይህን የጠየቀችኝ መሐንዲሷ ናት፤ ምሰሶውን ከማየቷ በፊት ቤቱን ከውጪ ዞረችው። የጣሪያው አሸንዳ በጀርባ በኩል የሚወርድበት ቱቦ ከግድግዳው ሥር፣ መሠረቱ ላይ፣ ተቆርጦ ቆሟል። የግማሽ ጣሪያ ዝናብ ስንት ዓመት እዚያች አንዲት ቦታ ሲፈስ ኖረ። ቱቦውን በሁለት ሜትር አርዝሞ ወደ ግቢው ዝቅታ ማስኬድ የፈጀብኝ 22 ዶላርና አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ይህን ካነበባችሁ በኋላ ሌላ ምንም ባታደርጉ፣ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዛችሁ ወጥታችሁ የአሸንዳችሁ ውሃ የት እንደሚወድቅ እዩ።

ከመሐንዲሷ በፊት አንድ ሌላ ባለሙያ ጠርቼ ነበር። እሱም የእኛው ሰው ነው። አይቶ “ይሄ የከሰዓት ሥራ ነው፤ 400 ዶላር” አለኝ። የሚሽከረከር የብረት ድጋፍ ከምሰሶው ጎን ወለሉ ላይ ያቆማል፤ እስኪጠብቅ ያጠማዝዘዋል፤ አሮጌውን እዚያው ይተወዋል፤ መልሶ ይሸፍነዋል። ፈቃድ አያስፈልግም፣ ማን ያያል አለኝ። ልቤ ወደዚያ አዘንብሎ እንደነበር አልደብቅም። ያዳነኝ የአባቴ ጥያቄ ነው፤ እግሩ ምን ላይ ነው የሚቆመው? የቤዝመንት ወለል ውፍረቱ በአብዛኛው 10 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለመርገጫ የፈሰሰ እንጂ 39 ኩንታል በአንዲት ነጥብ ላይ እንዲሸከም የተሠራ አይደለም። ብረቱ ወለሉን በስቶ ሊሰምጥ ይችላል። የሚሽከረከረው ድጋፍም አብዛኛው ለጊዜያዊ ሥራ የሚሸጥ ነው፤ እዚህ አገር በብዙ ቦታ የሚሠራበት የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንብ ለቋሚ የብረት ምሰሶ ዲያሜትሩ ቢያንስ 3 ኢንች የሆነ ጠንካራ የብረት ቱቦ ወይም ተመጣጣኙን ይጠይቃል፤ እግሩም እንዳይንሸራተት መታሰር አለበት። ያ ሰው ክፉ ሰው አይደለም። ሁላችንም የምንፈልገውን ነገር፣ ርካሽና ፈጣን ነገር፣ ያቀረበ ሰው ነው። ለእሱና ለሙያ ባልደረቦቹ የምለው አለኝ፦ “ይህ ከእኔ በላይ ነው፤ መሐንዲስ ጥሩ” ማለት ሙያ ነው። እንዲህ ያለኝን ሰው በሚቀጥለው ሥራ መጀመሪያ የምጠራው እሱን ነው።

ልጅቷን የዚያኑ ቀን ከነአልጋዋ ወደ ላይ አወጣኋት፤ ልጄ ትቶት በሄደው ክፍል። ኪራይም አልተቀበልኳትም። መሐንዲሷ ሥዕሉን ሠርታ ማህተም አደረገችበት፤ ፈቃዱ ወጣ፤ ሥራውን ከኤል ሳልቫዶር የመጣ ግንበኛና ሁለት ረዳቶቹ ያዙት።

ከግራና ከቀኝ፣ ከምሰሶው ሁለት ሁለት ጫማ ርቀው፣ ወለሉ ላይ ወፋፍራም ጣውላ አመሳቅለው ደረደሩ፤ ክብደቱ ሰፋ ብሎ እንዲያርፍ ነው። በላዩ 20 ቶን የሚያነሳ ክሪክ አስቀመጡ፤ በክሪኩ ላይ አጭር ቋሚ፣ ቋሚው ከአግዳሚው ሆድ ጋር ተጋጠመ። የአባቴ ባላ ማለት ነው፤ ብረት ለብሶ። አንደኛው ልጅ ክሪኩን ጥቂት ይነቀንቅና ያቆማል፤ ግንበኛው ጆሮውን ወደ ጣሪያው አቅንቶ ያዳምጣል፤ እንደገና ጥቂት። ጣውላዎቹ እንደ አሮጌ አልጋ ሲጢጥ አሉ። ቤቱን ወደ ድሮው ቦታ ማንሳት የሚቻል መስሎኝ ስለነበር ጠየቅኩ። አይሆንም ተባልኩ። ቀስ በቀስ የጎበጠ ቤት በአንድ ቀን ሲቃና ልስኑ ይፈነዳል፣ የውሃ ቧንቧ ይላቀቃል፣ መስኮት ይሰበራል። ማንሳት የግድ ከሆነ በቀን ከ3 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ የኛ ሥራ ግን ማንሳት ሳይሆን መያዝ ነበር። በምሰሶውና በአግዳሚው መሃል ወረቀት እስኪያልፍ ድረስ ብቻ ተነሳ፤ በቃ ተባለ።

ከዚያ ምሰሶውን በመጋዝ ቆርጠው አወጡት። ወለሉን ውሃ እያፈሰሱ በማሽን ቆረጡት፤ የሲሚንቶ አቧራ ሳንባ ይጎዳል፤ ደረቁን የሚቆርጥ ሰው ካያችሁ አስቁሙት። ሲሚንቶው ሲነሳ የድሮው መሠረት ታየ። ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ከሥሩ ረግረግ የመሰለ ጭቃ። ግንበኛው አማተበ። እኔም አማተብኩ።

ጉድጓዱ 60 ሴንቲ ሜትር በ60 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 30 ሆኖ ተቆፈረ፤ ጭቃው ወጥቶ ጠጠር ተጠቀጠቀ፤ ፌሮ ታሰረ። ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት የካውንቲው ተቆጣጣሪ መጥቶ አየ፤ ለካ፤ ፈረመ። ከተሞላ በኋላ ሰባት ቀን ማንም አልነካውም። ኮንክሪት ሙሉ ጉልበቱ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው፤ ነገር ግን መሐንዲሷ ለዚህ ጭነት ሰባቱን ቀን በቂ አድርጋ ጽፋዋለች። እነዚያ ሰባት ቀናት ረዘሙብኝ። ማታ ማታ በባትሪ እየወረድኩ ሁለቱን ባላዎች አያለሁ፤ ከላይ ስንራመድ እግራችንን ቀለል እናደርጋለን።

አዲሱን ምሰሶ ከብረት ወይስ ከእንጨት እንደምፈልግ ተጠይቄ ነበር። ሁለቱም በደንቡ ይፈቀዳሉ። ሁሉም ሰው ብረት አለኝ። እኔ እንጨት መረጥኩ፤ ለእርጥበት የታከመ፣ ወርዱ እንደ ድሮው የሆነ። አጥፊው እንጨቱ ስላልነበረ ነው። ልዩነቱ እግሩ ላይ ነው፤ አሁን ሲሚንቶውን አይነካም። ከኮንክሪቱ ጋር በብሎን የታሰረ የብረት መቀመጫ አለው፤ መቀመጫው ከወለሉ አንድ ኢንች ከፍ ያደርገዋል። ደንቡ ለቤዝመንት የእንጨት ምሰሶ የሚለው ይህንኑ ነው፤ ወይ አንድ ኢንች ከፍ ይበል፣ ወይ የታከመ እንጨት ይሁን። እኔ ሁለቱንም አደረግኩ። ያቺ አንድ ኢንች የአውራ ጣቴ ውፍረት ናት። በ1924 አንድ ሰው አስቦባት ቢሆን ኖሮ የድሮው ምሰሶ ዛሬም በቆመ ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። ፈቃድ አውጡ ስል የሚመልሱልኝን አውቃለሁ፤ እኔም ስለው የነበረ ነው። “ተቆጣጣሪ ቤትሽ ከገባ ሌላም ያያል።” እውነት ነው፤ አየም። የልጅቷ መኝታ መስኮት ትንሽ ነበር። መኝታ ቤት ቤዝመንት ውስጥ ከሆነ እሳት ቢነሳ ሰው የሚወጣበት መስኮት ይፈለጋል፤ የሚከፈተው ስፋት 5.7 ካሬ ጫማ፣ የታችኛው ጠርዙም ከወለሉ ከ44 ኢንች የማይበልጥ። የእኔ መስኮት ድመት ታስወጣ ይሆናል እንጂ ሰው አታስወጣም። ግድግዳ አስቆርጬ አሰፋሁት፤ ለብቻው 3,000 ዶላር ገደማ ወሰደ። ለመሐንዲስ፣ ለፈቃድና ለምሰሶው የወጣው ደግሞ 4,800 ነው፤ የአራት ወር ኪራይ። ከባድ ገንዘብ ነው። የበጋ ጉዞዬን ወደ አገር ቤት ሰርዤበታለሁ፤ እናቴ አሁንም ትጠይቀኛለች።

ግን ተቆጣጣሪው ያየው “ሌላ ነገር” ምን እንደነበር አስቡት። አንዲት ልጅ እሳት ቢነሳ የምትሞትበትን መስኮት ነው ያየው። እኔ ስሸሸው የኖርኩት ይህን ዓይን ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 የአውሎ ነፋሱ የአይዳ ዝናብ ኒው ዮርክ ላይ ሲወርድ 11 ሰዎች በቤዝመንት ቤታቸው ውስጥ ሞቱ፤ ብዙዎቹ ስደተኞች ነበሩ። ያንን ዜና በስልኬ ያየሁት የራሴ ቤዝመንት ላይ ተቀምጬ ነው። አዝኜ አለፍኩት። ከእኔ ቤት ጋር አላያያዝኩትም።

ሌላም የሚባል አለ። “ቤቱ መቶ ዓመት ቆሟል፤ አሁን ምን ሊሆን?” ቤት በዓመት ብዛት ዋስትና አያገኝም። ምሰሶ ሲበሰብስ ክብደቱ አይጠፋም፤ ወደ አግዳሚው፣ ወደ ልስኑ፣ ወደ በሮቹ ይዞራል፤ እነሱም የአቅማቸውን ይይዙና አንድ ቀን ይለቃሉ። አንዳንዱ ቤት ዕድሜ ልኩን እንደጎበጠ ይኖራል። የትኛው እንደሚኖርና የትኛው እንደማይኖር ከላይ ሆኖ መናገር ግን አይቻልም፤ ለዚህ ነው የምሰሶው እግር መታየት ያለበት። ቤት ስትገዙም የሚመረምርላችሁ ሰው “የተሸፈነ ስለሆነ ማየት አልቻልኩም” ብሎ ከጻፈ፣ ያቺን መስመር አትለፏት። ሻጩ እንዲከፍትላችሁ ጠይቁ።

ምሰሶው ከቆመ፣ ክሪኩ ቀስ ብሎ ከወረደ በኋላ ግንበኛው የጂፕሰም ቦርዱን ልመልሰው ወይ አለኝ። አይሆንም አልኩ። አሁን ራቁቱን ቆሟል፤ እግሩ ከነብረት መቀመጫው ይታያል፤ ልጅቷ መስታወቱን ሌላ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። በሄደችበት ሁሉ ለጓደኞቿ ትነግራለች መሰለኝ፣ ሦስት ሰዎች ደውለውልኛል፤ ሁለቱ ተከራዮች፣ አንዷ አከራይ። አከራይዋ ቤት ካቻቪቴ ይዤ ሄድኩ። ምሰሶዋ ደህና ነው። አሸንዳዋ ግን መሠረቱ ላይ ነው የሚያፈሰው፤ አብረን አረዘምነው።

ሎሚው? አሁንም ወደ መሃል ይሄዳል። የጎበጠው አልተቃናም፤ ከእንግዲህ ግን አይጎብጥም። በየወሩ መጀመሪያ ከወለሉ እስከ አግዳሚው እየለካሁ ቁጥሩን ምሰሶው ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ። አምስት ወር ሆነው፤ አምስቱም ቁጥሮች አንድ ናቸው።

ባለፈው ሳምንት ሌሊት ዶፍ ዝናብ ወረደ፤ እንደ ሐምሌ የደብረ ማርቆስ ዝናብ። ካፖርት ደርቤ ወጥቼ በአሸንዳው ቱቦ ጫፍ ቆምኩ፤ ውሃው እየተንደረደረ ወደ ግቢው ዝቅታ ይሄዳል። የቤዝመንቱ መብራት በራ። ልጅቷ ከሥራ ገብታ ኖሯል። በአዲሱ መስኮት ብቅ ብላ፣ አንዷን እጇን አውጥታ ዝናቡን እየዳሰሰች፣ “እትዬ፣ ይግቡ እንጂ! ምሰሶውን ነካክቼዋለሁ፣ ደረቅ ነው” አለችኝ።